አግዳሚዎቹ የወጡ ዕለት

ማክሰኞ ማለዳ፣ የሶዶ ገበያ መንገድ ገና ሰው ሳይበዛበት፣ ዳልጮ ሁለቱን አግዳሚ ወንበሮች ከሥጋ ቤቱ አወጣ። አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን ጎረቤቱ የእህል ነጋዴው ሻንቆ ያዙት። የሻንቆ መጋዘን ከሥጋ ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ በሩ ግን በወዲያኛው መንገድ በኩል ስለሆነ ማዕዘኑን ዞረው መግባት ነበረባቸው።

«ቀስ በል እንጂ፣ ጣቴን ፈጨኸው!» አለ ሻንቆ።

«ሰው ሳያየን እንለፍ ብዬ ነው።»

«ቢያይህስ? ሰርቀህ ነው? የገዛ ወንበርህ!»

ያየቻቸው ጎረቤታቸው እትዬ አስካለች ብቻ ነበረች። ከጸሎት እየተመለሰች ማዕዘኑ ላይ ስትደርስ ቆመች። መጀመሪያ ወንበሮቹን፣ ከዚያ የዳልጮን ፊት አየች። እንቅልፍ ያጣ፣ የገረጣ ፊት ነበር። እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ራሷን ነቀነቀችና ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ አለፈች። ዳልጮ ምንም ስላልጠየቀችው ደስ አለው።

እንቅልፍ ካጣ ሳምንቱ ነው። ከስድስት ወር በፊት ባንኩ የካርድ ማሽን አስገብቶለት ነበር። ማሽኑን የፈለገው ከሶዶ ወደ ገሱባ የሚወስደውን መንገድ ለሚሠሩት መሐንዲሶች ብሎ ነው። ድርጅታቸው ለምሳቸው ካርድ ሰጥቷቸዋል፤ በእጅ ለከፈሉት ግን አይተካላቸውም። መሐንዲሶቹ ምሳ ሰዓት ላይ በሁለት ፒክአፕ መጥተው ቁርጥ በዳጣ ይበላሉ፣ ካርዳቸውን ያስነካሉ፣ ይሄዳሉ። እነሱ ከመጡ ወዲህ ሁለት ቀን ይቆይ የነበረው በሬ በአንድ ቀን ያልቃል። ልጁ ሜላት አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው በዚህ ገቢ ነው።

ባንኩ በካርድ ከተከፈለው ሁሉ የራሱን ድርሻ ይቆርጣል። ስንት እንደሚቆርጥ የሚወሰነው ደግሞ ነጋዴው በየትኛው ዘርፍ እንደተመዘገበ ነው። ዳልጮ ማሽኑ ሲገባለት «ሥጋ ቸርቻሪ» ተብሎ ስለተመዘገበ የሚቆረጥበት ትንሽ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ሄኖክ የሚባል የባንኩ ወጣት መጥቶ ሁሉም ደንበኛ እንደገና ሊመደብ መሆኑን ነገረው።

«ማክሰኞ መጥቼ ቤቱን አያለሁ፣ ጋሽ ዳልጮ።»

«ምኑን ነው የምታየው?»

«ሥጋ መዝነው ሰውን የሚሸኙ ከሆነ ቸርቻሪ ነዎት። ሰው ተቀምጦ የሚበላ ከሆነ ምግብ ቤት ነው። የምግብ ቤት ቆረጣ እጥፍ ነው።»

እጥፍ! ዳልጮ ያን ቀን ቢላዋውን ይዞ ቆሞ ቀረ። የሥጋ ዋጋ ከማዘጋጃ ቤት ወጥቶ በሩ ላይ የተለጠፈ ስለሆነ አንድ ብር መጨመር አይችልም። የበሬ ዋጋ ከፋሲካ ወዲህ ወጥቶ ወጥቶ አልወርድ ብሏል። ባንኩ እጥፍ ከቆረጠ ከመሐንዲሶቹ ምሳ የሚተርፈው ቆዳውና ጭንቅላቱ ነው፤ ቆዳ ደግሞ ዘንድሮ የሚጠይቀው የለም። ማሽኑን ልመልሰው እንዳይል መሐንዲሶቹ በማግስቱ መናኸሪያ አጠገብ ወዳለው ትልቅ ሆቴል ይሄዳሉ፤ እዚያ ማሽን አለ። በየትም በኩል ቢያስበው መውጫ አጣ።

መላውን ያመጣው ሻንቆ ነበር።

«ወንበር ከሌለ ማን ይቀመጣል? ካልተቀመጠ ምግብ ቤት አይደለህም። ዳጣውንም ደብቀው። ቸርቻሪ ዳጣ ምን ያደርግለታል?»

ዳጣውን የምታዘጋጀው የዳልጮ ሚስት አሳየሽ ነች። ቃሪያውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን በየማለዳው ሥጋ ቤቱ ጓሮ ትወቅጣለች። ይህን ስትሰማ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ሙቀጫዬን ተሸክሜ የሰው መጋዘን ልግባ? በዚህ ዕድሜዬ?»

«ለአንድ ጠዋት ነው፣ አሳየሽ።»

«ባንኩ እኔንም ይቆጥራል እንዴ?»

«አንቺን አይቆጥርም። ሽታውን ነው የምፈራው።»

እያጉረመረመች ሙቀጫውን ይዛ ገባች። ስልኳን ቤት ትታዋለች፤ በሩንም ሻንቆ ከውጭ ገጠም አደረገላት።

ዳልጮ ወደ ሥጋ ቤቱ ሲመለስ ቤቱ የራሱ አልመስል አለው። ሜንጦዎቹ ላይ የተሰቀለው ሥጋ፣ ሚዛኑ፣ መክተፊያው ግንድ፣ ከዚያ ወዲያ ባዶ ሲሚንቶ። ወንበሮቹን ያሠራቸው አባቱ ነው። ዳልጮ ሥጋ መቁረጥ ከጀመረ ጀምሮ ሰው አቁሞ አብልቶ አያውቅም። ከሻንቶ ከተማ የመጣ አንድ ነጋዴ ሥጋ ሊገዛ ገብቶ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አይዞህ» ብሎት ወጣ። ዳልጮ ነገሩ አልገባውም። ምናልባት የባንኩን ወሬ ሰምቶ ይሆናል አለ በሆዱ።

ሄኖክ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ማኅደሩን በብብቱ ይዞ መጣ።

«እንደምን አደሩ ጋሽ ዳልጮ?»

«ሳሮ፣ ደህና ነህ ልጄ፣ ግባ፣ ግባ። ተቀመጥ።»

ከአፉ አምልጦት ነበር። እጁም ሳያስበው ወደ ባዶው ግድግዳ ተዘርግቷል።

ሄኖክ ወደ ግድግዳው፣ ከዚያ ወደ ወለሉ አየ። «የት ላይ?»

«እ… ልምድ ነው። ቤቴ ለሚገባ ሰው ሁሉ የምለው።»

ወጣቱ ፈገግ አለና ቤቱን መመልከት ጀመረ። ሜንጦዎቹን አየ፤ ሚዛኑን አየ። ግድግዳው አጠገብ ሲደርስ ቆመ። ሰማያዊው ቀለም ከወገብ እስከ ትከሻ ከፍታ ድረስ ከዳር እስከ ዳር ተልጦ፣ የስንት ዓመት ጀርባ አሽቶት ያብለጨልጫል። ዳልጮ ወንበሮቹን ሲያወጣ ይህን አላየውም ነበር።

ሄኖክ በመዳፉ ዳሰሰው። «ይሄ ምን ሆኖ ነው?»

«ርጥበት ነው።»

«ርጥበት እንዲህ ቀጥ ብሎ ይሄዳል?»

«የሶዶ ርጥበት አታውቀውም?»

«እዚሁ ነው የተወለድኩት፣ ጋሽ ዳልጮ።»

ዳልጮ ጨርቅ አንሥቶ ሚዛኑን መወልወል ጀመረ። በዚያው ቅጽበት ከግድግዳው ወዲያ ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ የሚል ድምፅ ተሰማ። አሳየሽ መውቀጥ ጀምራለች። ሄኖክ ጆሮውን ጣል አደረገ። ማኅደሩን መክተፊያው ግንድ ላይ አስቀምጦ ብዕሩን አወጣ።

«ሰው እዚህ ይበላል?»

«ይዘው ነው የሚሄዱት።»

ሄኖክ ለመጻፍ አቀረቀረ። ዳልጮ ትንፋሹን ይዞ የብዕሩን ጫፍ ሲጠብቅ በሩ ላይ ጥላ አጠላ።

ሦስት ወንዶች አንድ አግዳሚ ወንበር ተሸክመው መጥተው ነበር። ወንበሩን በሩ ፊት ለፊት አስቀምጠው ተቀመጡ፤ አንገታቸውን ደፉ። ወዲያው ሌሎች መጡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ፊት ፊት የምትመራቸው እትዬ አስካለች ነች። አንዱ ሽማግሌ ወደ ውስጥ ገብቶ የዳልጮን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

«እግዚአብሔር ያጽናህ» አለው።

ሰው ሞቷል። ማን? ዳልጮ ሊጠይቅ ከንፈሩን አላቀቀና መልሶ ገጠመው። ያጽናህ የተባለ ሰው ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ያውቃል፤ እሱም ራሱ ስንት ቤት በማለዳ ሄዷል። መጀመሪያ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ባለቤቱ ሳያውቅ ወንበር ይመጣል፤ ከዚያ የሚወደድ ሽማግሌ አጠገቡ ይቆማል፣ እንዳይወድቅ። አሁን እሱ ዘንድ መጥተዋል ማለት ነው። እሱ የማያውቀውን እነሱ ያውቃሉ ማለት ነው።

ሜላት።

ከእሑድ ወዲህ አልደወለችም። ከአርባ ምንጭ የሚመጡት አውቶቡሶች፣ ያ ቁልቁለት… የመክተፊያውን ግንድ ያዘ። ሄኖክ ክንዱን ደገፈው።

«ጋሽ ዳልጮ፣ ምን ሆነው ነው? ለቅሶ አለ እንዴ?»

ከውጭ ሴቶቹ ዝቅ ባለ ድምፅ ማልቀስ ጀምረዋል። ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ ይላል።

«ለቅሶ ቤት አጠገብ የሚወቅጠው ማነው?» አለች አስካለች በቁጣ። «ጎረቤት እንዲህ ይሆናል?»

በዚህ መሃል አንድ ሚኒባስ መንገዱ ዳር ቆመና አንድ አዛውንት ከዘራቸውን ይዘው ወረዱ። አባ ባዳቾ ናቸው፤ የአሳየሽ አባት፣ ከጉኑኖ። ሶዶ በመጡ ቁጥር ከግራው አግዳሚ ጫፍ፣ ከግድግዳው ሥር ተቀምጠው ቁርጣቸውን በልተው ነበር የሚሄዱት። ማለዳ ከሶዶ ተደውሎላቸው «ዳልጮ ቤት ቶሎ ይድረሱ» ብቻ ተብለዋል። መርዶ በስልክ አይነገርምና እሳቸውም ማን ብለው አልጠየቁም፤ መንገዱን ሙሉ ግን ሲያስቡ መጥተዋል። አሁን ነጠላ ያዘቀዘቁትን ሴቶች አዩ። በሩን አልፈው ውስጡን አዩ፤ ወንበሮቹ የሉም። ሴት ልጃቸውም የለችም። ዳልጮ ብቻ ግንዱን ይዞ ቆሟል።

ከዘራቸው ወደቀ።

«አሳየሽ! ልጄን! አሳየሽ!»

ሴቶቹም ተቀበሏቸው፤ ለቅሶው ሰፈሩን ሞላው።

ዳልጮ የሚስቱን ስም ሲሰማ ቀና አለ። አሳየሽ? ሜላት ሳትሆን አሳየሽ? ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ። ነገሩ ሁሉ ባንዴ በራለት። የእሱ ሁለት አግዳሚዎች ከሥጋ ቤቱ የሚወጡት ለቅሶ ሲኖር ብቻ ነው! የእድሩ ድንኳን እስኪመጣ የሚቀድሙት እነሱ ናቸው፤ መንገዱ ሁሉ ያውቀዋል። ዛሬ ማለዳ ይህን የረሳ እሱ ብቻ ነበር። አስካለች ወንበሮቹ ሲወጡ አየች፣ አሳየሽን አጣች፣ የእሱን ፊት አየች። መጠየቅ ነውር ስለሆነ ማንም ማንንም አልጠየቀም።

ሜላት በሕይወት አለች። የመጀመሪያው ሐሳቡ ይህ ነበር፤ ትንፋሹ ተመለሰለት። ሁለተኛው ሐሳብ ቀዝቃዛ ነበር፤ ሄኖክ አጠገቡ ቆሟል፣ ብዕሩም በእጁ ነው። የሶዶ ልጅ ነውና ለሽማግሌው በወላይትኛ ነግሮ ማምለጥ አይቻልም። አሁን ዝም ቢል፣ ወጣቱን በጥድፊያ አስጽፎ ቢሸኘው፣ ሌላውን በኋላ ማስረዳት ይችላል። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። አዛውንቱ ግን መሬት ላይ ተንበርክከው ደረታቸውን እየመቱ ነው፤ የሚቀመጡበት እንኳ የለም።

ወጥቶ ከፊታቸው ተንበረከከ።

«አባባ፣ ይስሙኝ። አሳየሽ አልሞተችም። የሚወቅጠው እሷ ነች።»

ለቅሶው በአንድ ጊዜ ቆመ። በዝምታው ውስጥ ዱክ፣ ዱክ የሚለው ለሁሉም ተሰማ።

«ምን?» አለች አስካለች።

«ሻንቆ መጋዘን ውስጥ ነች። ወንበሮቹም እዚያ ናቸው። የደበቅኳቸው እኔ ነኝ።»

አስካለች ነጠላዋን እየጎተተች ማዕዘኑን ዞራ ሮጠች። ዱክታው ቆመ፤ ከዚያ አንድ ጩኸት፣ ከዚያ ሁለት። አሳየሽ እጇ እስከ ክርኗ በቃሪያ አረንጓዴ ሆኖ ዘነዘናውን እንደያዘች መጣች።

«ማን ሞተ? ማን ሞተ?» ትላለች።

«አንቺ» አላት አንዱ ወንድ፤ አጠገቡ ያለው በክርኑ ጎሸመው።

አባቷ ይዘዋት ዓይኗን ዓይኗን አዩ፤ የዳጣ እጇን ፊታቸው ላይ አደረጉት። ዓይናቸው ያነባው ከደስታ ይሁን ከቃሪያው አልለየም። አስካለች ግን ለደስታው ጊዜ አልነበራትም።

«አንተ ዳልጮ! አግዳሚ ያለ ሬሳ ከቤት ይወጣል? ሟርተኛ! ጉኑኖ ድረስ ያስደወልከኝ! የሽማግሌው ልብ ቀጥ ቢልስ?»

«እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ሻንቆስ የት ሄደ? ይሄ የእሱ ምክር ነው፣ አውቀዋለሁ!»

ሻንቆ ከሰው ኋላ ተደብቆ ቢቆምም ወንበሮቹን የማምጣት ሥራ እሱው ላይ ወደቀ። ሁለቱ አግዳሚዎች ዞረው ተመለሱና እንደ ድሮው በግድግዳው ሥር ተቀመጡ። አባ ባዳቾ ወደ ቦታቸው ሄደው ጀርባቸውን ከተላጠው ቀለም ጋር አገናኙ። ልክ ገጠመ።

ሄኖክ ሁሉንም አየ። መጥቶ ከአዛውንቱ አጠገብ ተቀመጠና ማኅደሩን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

«ግድግዳውን ሳየው አውቄ ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ግድግዳ መዝግብ ያለኝ የለም። ወንበር ስላላየሁ አላየሁም ብዬ ልጽፍ ነበር።» ብዕሩን አሻሸ። «አሁን ግን ተቀምጬበታለሁ፣ ጋሽ ዳልጮ።»

ሻንቆ ከበሩ ላይ ሆኖ ዓይኑን ጠቀሰ። ወንበሩ ለለቅሶ ነው በለው ማለቱ ነበር። ዳልጮ አየው፤ ከዚያ አማቱን አየ። አዛውንቱ አሁንም የልጃቸውን ቀሚስ ጫፍ በሁለት ጣት ይዘዋል።

«ያየኸውን ጻፍ፣ ልጄ።»

ሄኖክ ጻፈ። «ከሐምሌ አንድ ጀምሮ ነው» አለ፤ ፈርሞም አስፈረመው። ሊወጣ ሲል አሳየሽ አላስወጣችውም። ቁርጥ በዳጣ አቀረበችለት። ሊከፍል ካርዱን ሲያወጣ ዳልጮ እጁን መታው።

«ያንን መልሰው! ዛሬ ለአንተ ማሽኑ ተበላሽቷል።»

መሐንዲሶቹ ስድስት ሰዓት ላይ መጡ። አለቃቸው ይስሐቅ ከፒክአፑ ሳይወርድ የተሰበሰበውን ሰው አይቶ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ለቅሶ ነው እንዴ ጋሽ ዳልጮ? እንመለስ?»

«ግቡ፣ ግቡ። የሞተ የለም።»

ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው። ዳልጮ እየቆረጠ፣ እየመዘነ፣ እያቀረበ ዋለ። ካርድ ባስነኩ ቁጥር ማሽኑ ወረቀቱን እየጮኸ ያወጣል፤ በጮኸ ቁጥር ዳልጮ በሆዱ ሒሳብ ያሰላል። ሰኔ እንዳለ ገና አለ። ከሐምሌ ጀምሮ እነዚህ ሰዎች በልተው ሲነሡ ለእሱ የሚቀረው ቆዳው ነው። መሐንዲሶቹን ላለማጣት ያለ ትርፍ እስከ መቼ ይቆርጣል? እስከ ጥቅምት? ቆዳው ዋጋ ካላወጣስ? ለይስሐቅ ሊነግረው ፈለገና ተወው፤ ቢነግረው «ለቢሮ አስታውቃለሁ» እንደሚለው ያውቃል።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሲቀንስ ጓሮ ገብቶ አርባ ምንጭ ደወለ።

«ሜላት? ደህና ነሽ?»

«አባዬ፣ ፈተና ልገባ ነው። ምን ሆንክ?»

«ምንም። ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው።»

«ሳንቲም ልካችኋል? ተቸገራችሁ እንዴ?»

«ይላካል። ግቢ፣ ግቢ ፈተናሽን።»

ሲመለስ አሳየሽ አግዳሚዎቹን በውኃ እያጠበች ነበር። አባቷ ጥጉ ላይ ከዘራቸውን ይዘው አሸልበዋል።

«እንዴት ነበር?» አለችው ቀና ሳትል።

«ምኑ?»

«ለቅሶዬ። አስካለች በደንብ አለቀሰች?»

«በጣም።»

«አንተስ?»

«መች ጊዜ ነበረኝ? ባንኩ ቆሞብኝ።»

ውኃውን ረጨችበት። ሊስቅ ሲል ዓይኑ ከበሩ ውጭ አረፈ። ሰዎቹ ማለዳ ተሸክመው ያመጡት አግዳሚ እዚያው ቆሟል። ሁሉም ሄዷል፤ የማን እንደሆነ የተናገረ የለም።

«አሳየሽ፣ ያ ሦስተኛው የማን ነው?»

«እኔ ሞቼ አልነበር? በምን አውቃለሁ?» አለችና ጨርቁን ጨመቀች። «እንዳይቆይ ብቻ። በሁለቱ ምግብ ቤት ካሉህ፣ በሦስት ሆቴል ይሉሃል።»

እሷ ሳቀች። ዳልጮ አልሳቀም። ሽርጡን ፈታና የወንበሩን አንድ ጫፍ አንሥቶ መንገዱን ወደ ላይም ወደ ታችም አየ።

«ሻንቆ!» ብሎ ጮኸ። «ና እስቲ ያዝልኝ! የዚህን ባለቤት እንፈልግ!»

«በዚህ ሰዓት ወንበር ተሸክመን?» አለ ሻንቆ ከመጋዘኑ በኩል። «ደግሞ አሁን ማን ሞተ ሊሉን ነው?»

ዳልጮ ቆመ። የወንበሩን ጫፍ ቀስ አድርጎ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ጫፉ ላይ ራሱ ተቀመጠና የሚያልፈውን ሰው ሁሉ በዓይኑ እየጠየቀ ባለቤቱን መጠበቅ ጀመረ።